በመቅድም የቀሩ ስሞች

በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው። የታተመው ሮም ላይ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1513 ነው (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን ነበር። ፖትከን ሮም ሲኖር ለመሳለም የመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት መዝሙር ሲደግሙ ይሰማል፤ ከማያውቀው ቋንቋ መካከል የማርያምንና የሐዋርያትን ስም ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ ቋንቋውን ለመማር ቆርጦ ይነሣል። ያስተማሩት አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የተባሉ መነኩሴ ናቸው። ፊደሉን ያስቆጠሩት፣ ንባቡን ያቀኑለት እሳቸው ናቸው፤ ያለ እሳቸው መጽሐፉ አይታሰብም። ያም ሆኖ እስከ ዛሬ በየቤተ መጻሕፍቱ የሚጠራው በፖትከን ስም ነው። ፖትከን የተማረውን ቋንቋ «የከለዳውያን ቋንቋ» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ይህ ስሕተት ከ40 ዓመት በኋላ በታተመ የግዕዝ ሰዋስው ርእስ ላይ እንኳ አልጠፋም።

በፖትከንና በአባ ቶማስ መካከል የታየው የሥራ ክፍፍል ከዚያ በኋላ ለአራት መቶ ዓመት ያህል እየተደጋገመ ሄዷል። አውሮፓዊው ማተሚያ ቤት፣ ገንዘብ፣ ወጪ የሚሸፍንለት መስፍን ወይም ማኅበር ነበረው። ኢትዮጵያዊው ቋንቋውን ከነንባቡና ከነፍቺው ያውቃል፤ ብዙ ጊዜም ብራናውን ከአገሩ ይዞ የመጣው ራሱ ነው። መጽሐፉ ሲታተም የአንደኛው ስም በርእሱ ገጽ ላይ በትልቁ ይወጣል፤ የሌላው ግን ቢበዛ በመቅድሙ ውስጥ በምስጋና መልክ ይነሣል። በአገር ቤትም ዜና የሚጽፍላቸው አልተገኘም። አብዛኞቹ ከአገራቸው የወጡት በጦርነት፣ በሃይማኖት ክርክር ወይም በባርነት ነው። የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች የሚከተሉት የነገሥታቱን ዘመቻ ስለነበር፣ በባዕድ አገር ለሚያስተምር መነኩሴ ገጽ አልተረፋቸውም።

የግዕዝ ብራና ልማድ ግን ለሠሪው ስም ቦታ ነበረው። መጽሐፍ የገለበጠ ጸሐፊ ሥራውን ሲፈጽም በመጨረሻው ገጽ ላይ ስሙንና ያጻፈውን ሰው ስም አስፍሮ፣ አንባቢ በጸሎቱ እንዲያስበው ይማጸናል። ከአገራቸው ርቀው መጻሕፍት ያሳተሙ ሊቃውንትም ይህን ልማድ ይዘው ሄደዋል። የአንዳንዶቹ ታሪክ ዛሬ ሊነገር የቻለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ማዕከል ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የሮሙ ጳጳስ ሲክስተስ 4ኛ ይህን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንና አጠገቡ ያለውን ቤት ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰጧቸው። ጣሊያኖች «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ» ይሉታል፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለታቸው ነው። ቤቱ በመጀመሪያ ከኢየሩሳሌም አልፈው ሮም ለሚደርሱ ተሳላሚዎች ማረፊያ ነበር። ብራና የያዙ ሰዎች አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ ግን ማረፊያው ሳይታሰብ የትምህርት ቤት ሆነ። ግዕዝ መማር የሚፈልግ አውሮፓዊ ሁሉ የሚያንኳኳው የዚያን ቤት በር ነበር።

በቤቱ ከኖሩት ሁሉ ትልቁን ሥራ የሠሩት አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ። በ1530ዎቹ መጀመሪያ የኢማም አሕመድ ጦር ገዳሙን አቃጠለ፤ በአገሩ ሁሉ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት እየነደዱ ሳለ አባ ተስፋ ጽዮን ከጥቂት ወንድሞች ጋር ወጥተው በኢየሩሳሌም በኩል ሮም ገቡ። በዚያ ዘመን አውሮፓውያን ኢትዮጵያንና ሕንድን ይቀላቅሉ ስለነበር «ጴጥሮስ ሕንዳዊ» የሚል ስም ወጣላቸው። ላቲንና ጣልያንኛ ተምረው ከጳጳሱ ከጳውሎስ 3ኛ ቤተ መንግሥት ጋር ተዋወቁ፤ ካርዲናሎችና ሊቃውንት ስለ ኢትዮጵያ ሊጠይቋቸው ይመጡ ነበር። የእሳቸው ልብ ግን በአንድ ነገር ላይ ነበር። አገር ቤት የተቃጠለው መጽሐፍ በማተሚያ ከተባዛ አንድ እሳት ሁሉንም ሊያጠፋው አይችልም።

ይህን አሳብ ይዘው ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ለማሳተም ተነሡ። በ1548 አራቱ ወንጌላት፣ ሌሎች የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍትና ቅዳሴው ወጡ፤ በ1549 ደግሞ የጳውሎስ መልእክታት ተከተሉ። ያተሙት ቫሌሪዮና ሉዊጂ ዶሪኮ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። በሥራው ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ የተባሉ መነኮሳት አብረዋቸው ደክመዋል፤ ፒየትሮ ፓውሎ ጓልቲዬሪና ማርያኖ ቪቶሪ የተባሉ ጣሊያናውያንም ረድተዋቸዋል። ችግሩ ብዙ ነበር። ፊደል ለቃሚዎቹ የሚለቅሙት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ መነኮሳቱ ደግሞ የኅትመትን ሥራ ከዚያ በፊት አላዩትም። አባ ተስፋ ጽዮን ይህንኑ በመጽሐፉ ውስጥ ለአንባቢ ገልጸው፣ ለተገኘው ስሕተት ይቅርታ ጠይቀዋል። የሐዋርያት ሥራ የግዕዝ ቅጂ ስለጎደላቸውም አብዛኛውን ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግዕዝ መልሰው እንደሞሉት በግልጽ ጽፈዋል። ሊደብቁት ይችሉ የነበረውን ጉድለት ራሳቸው መናገራቸው ለመጽሐፉ የነበራቸውን ክብር ያሳያል። ከዚያም እንደ ብራና ጸሐፊ ልማድ የራሳቸውንና የወንድሞቻቸውን ስም ጠርተው በጸሎት እንዲታሰቡ ለመኑ።

ይህ እትም የወጣው ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም ማተሚያ ባልነበረበት ዘመን ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1657፣ ብራያን ዋልተን ለንደን ላይ በብዙ ቋንቋ ጎን ለጎን ያሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ቅዱስ ለግዕዙ ሐዲስ ኪዳን የተጠቀመው የአባ ተስፋ ጽዮንን እትም ነው። ፊደል ለቃሚዎቹ ሮም ላይ የሠሩት ስሕተትም አብሮ ተላልፏል። ማርያኖ ቪቶሪ በ1552 ያሳተመው የግዕዝ ሰዋስውም የእሳቸው ትምህርት ውጤት ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ከዚህ በተጨማሪ ለቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት የመተዳደሪያ ሥርዓት አቁመዋል። ከሥራው ማብቃት በኋላ ብዙም ሳይቆዩ፣ ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ሳሉ፣ ከሮም ወጣ ብላ በምትገኘው ቲቮሊ አረፉ። በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የመቃብር ጽሑፍ ተቀርጾላቸዋል። መጽሐፉን ለማን እንዳሳተሙት ግልጽ ነበር፤ ለአገራቸው ሰው ነው። ሆኖም ለረጅም ዘመን በብዛት የተጠቀሙበት የአውሮፓ ሊቃውንት ሆኑ።

ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው ቤት ሌላ መነኩሴ ተቀመጡ፤ አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ። የተወለዱት በአማራ፣ መካነ ሥላሴ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ከተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ጋር ተቀራርበው ካቶሊክ ሆኑ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1632 ነግሠው የቀደመውን ሃይማኖት ሲመልሱና ኢየሱሳውያንን ከአገር ሲያስወጡ አባ ጎርጎርዮስም አብረው ወጡ። ሕንድ ደርሰው፣ ከዚያ ሮም ገቡ። ለአገራቸው መንግሥት የተሸነፈው ወገን ሰው ስለነበሩ በአገር ቤት ስማቸውን የሚያነሣ አልነበረም። ዛሬ የሚታወቁት ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ስለጻፈላቸው ነው።

ሉዶልፍ በ1624 ኤርፉርት ተወልዶ፣ ግዕዝን ከታተሙ ጥቂት መጻሕፍት በራሱ ጥረት ቆርጥሞ የተማረ ሰው ነበር። በ1649 ሮም ሲመጣ ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ሄደ። ራሱ እንደተረከው፣ በአፉ የተጠራ ግዕዝ ሰምቶ ስለማያውቅ ሲያነብላቸው መነኮሳቱ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ወዲያው ግን ምን ያህል እንደሚያውቅ ሲረዱ ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር የሚግባቡበት ሌላ ቋንቋ ስላልነበራቸው መነጋገር የጀመሩት በግዕዝ ነው። ግዕዝ ለአንዱ የቅዳሴና የመጽሐፍ፣ ለሌላው የመዝገበ ቃላት ቋንቋ ነበር፤ ለሁለቱም የዕለት መነጋገሪያ አልነበረም። ሁለቱም ቃል እየፈለጉ፣ እየተራረሙ ቀጠሉ።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን ጋበዛቸው። የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነበር። መነኩሴው በበጋው ጎታ ደርሰው ጥቂት ወራት ተቀመጡ፤ ሉዶልፍም በየቀኑ ይጠይቃቸው ነበር። የጠየቀው ስለ ነገሥታቱና ስለ ሃይማኖቱ ብቻ አይደለም። ስለ ተራራውና ወንዙ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ዳኝነቱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ቤት አሠራሩ፣ ስለ አማርኛም ጠይቋል። ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር፤ ደብዳቤዎቻቸው ጠፍተው አልቀሩም። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ የአገሩን ተፈጥሮና ሕዝብ፣ አስተዳደሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የኑሮና የትምህርት ሁኔታውን በአራት ክፍል ይዘረዝራል፤ የመረጃው ዋና ምንጭ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። በ1661 የወጡት የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1698 የወጡት የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም የእሳቸውን ትምህርት ይዘዋል። የታተመ የአማርኛ ሰዋስው ታሪክ የሚጀምረው በዚህ የ1698 መጽሐፍ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ አንዱንም ታትሞ አላዩትም። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ተሳፍረው ሲጓዙ፣ በሶርያ ጠረፍ እስክንድሮና አካባቢ መርከቧ ተሰብራ ሰመጡ። ሉዶልፍ ግን አልካዳቸውም። ስለ ኢትዮጵያ ያወቀውን ከማን እንዳገኘው በመጽሐፎቹ ደጋግሞ ጽፏል፤ በ1691 ባሳተመው የታሪኩ ማብራሪያም ምስላቸውን አስቀርጾ አወጣ። በዚያ ዘመን አንድ አውሮፓዊ ሊቅ ለአፍሪቃዊ መምህሩ እንዲህ ያለ ምስክርነት መስጠቱ ብርቅ ነው፤ ሉዶልፍን ከብዙዎቹ የሚለየውም ይህ ነው። ለዚህም ምስጋና ይገባዋል።

የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው ካይሮ ላይ ነው። ከአባ ጎርጎርዮስ ሞት 150 ዓመት ካለፈ በኋላ በዚያች ከተማ አቡ ሩሚ የተባሉ ሐበሻ ሽማግሌ ታመውና ተቸግረው ይኖሩ ነበር። ከአገራቸው በወጣትነታቸው ወጥተው በኢየሩሳሌም፣ በሶርያ፣ በፋርስና በሕንድ የዞሩ ሰው ነበሩ። በካይሮ የፈረንሳይ ቆንስል ሹም የነበረው አስሊን ደ ሸርቪል አገኛቸው፤ አስታመማቸውም። አስሊን ስለ እሳቸው ሲናገር፣ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስና በሕንድ የታወቀው የቋንቋ ሊቅ ዊሊያም ጆንስ ሁለቱም ከእሳቸው ተምረዋል ብሏል። ካገገሙ በኋላ ሁለቱ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ ለመተርጎም ተስማሙ።

ሥራው 10 ዓመት ያህል ፈጀ። በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ አስሊን ለሌላ እንግዳ በሩን ይዘጋና ከአቡ ሩሚ ጋር ይቀመጣል። የዐረብኛውን መጽሐፍ በዝግታ ያነባል፤ ከበድ ያለ ቃል ሲመጣ ከዕብራይስጡ፣ ከሱርስቱና ከግሪኩ እያስተያየ ያስረዳል። አቡ ሩሚ በአማርኛ ይጽፋሉ። በዚያ ዘመን አማርኛ በየገበያውና በየችሎቱ፣ በአንድምታ ትርጓሜውም በመምህራን አፍ የሚነገር ቋንቋ ነበር፤ በጽሑፍ ግን የግዕዝን ያህል አልተሠራበትም። ስለዚህ ኦሪቱንና ነቢያቱን፣ ወንጌሉንና መልእክታቱን የሚሸከም የአማርኛ የመጽሐፍ አጻጻፍ ማበጀት በአመዛኙ የእኚህ ሰው ሸክም ሆነ። የጻፉት 9,539 ገጽ ነው። በአንድ ሰው እጅ እንዲህ ያለ ሥራ መፈጸሙ ሊታመን የሚያስቸግር ነው፤ ጽሑፉ ግን አለ።

አቡ ሩሚ ሥራቸውን ጨርሰው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ ወደ ካይሮ ሲመለሱ በ1819 ወረርሽኝ ገደላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ዊሊያም ጆዌት የተባለ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ ጽሑፉን ከአስሊን ላይ በ1,250 ፓውንድ ለብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ስለ አቡ ሩሚ የሚታወቀው ጥቂት ነገርም የደረሰን በጆዌት በኩል ነው። በ1824 አራቱ ወንጌላት፣ በ1829 ሐዲስ ኪዳን፣ በ1840 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ለንደን ላይ ታተመ። በ1830 ጎንደር የገባው ሳሙኤል ጎባት ያደላቸው ወንጌሎች የእኚህ ሰው ቃላት ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጡ ሚሲዮናውያን ትርጉሙን ደጋግመው አረሙት፤ አንዳንዶቹም አማርኛው ግዕዝና ዐረብኛ ይሸታል ብለው ነቀፉት። ነቀፋው በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ነቃፊዎቹ ሁሉ የሚያርሙት የተጻፈ ነገር ነበራቸው፤ አቡ ሩሚ ፊታቸው የነበረው ባዶ ወረቀት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የራቀ መንገድ የመጡት ኦኔስሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ናቸው። ኦኔስሞስ በ1856 አካባቢ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ ተወልደው ገና ሕፃን ሳሉ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወደቁ። በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥተው ከስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ዘንድ ተማሩ፤ ስዊድን ድረስ ሄደውም ሠለጠኑ። በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ሲጀምሩ አንድ ከባድ ነገር ገጠማቸው። ከቋንቋቸው የተለዩት በልጅነታቸው ስለነበር ቃል ያጥራቸው ጀመር።

ክፍተቱን የሞሉት አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴርም በልጅነታቸው የተፈነገሉ ነበሩ፤ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ትእዛዝ ለባርነት ተዳርገው ወደ ዐረብ አገር ሲሻገሩ፣ በ1886 የጣሊያን መርከብ ጀልባውን በቀይ ባሕር ላይ ይዞ ነፃ አወጣቸው። ምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ገቡ። የአስቴር ችሎታ ቶሎ ታወቀ፤ የቋንቋቸውን ሀብት ከነለዛው በልባቸው ይዘውት ነበር። የኦሮምኛ ቃላት ሰብስበው መዝገበ ቃላት አዘጋጁ፤ በ1893 የታተመው ሐዲስ ኪዳን የተቀናው በዚህ ነው። ከልጅነታቸው የሰሟቸውን 500 ገደማ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ከትዝታቸው ጻፉ፤ ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ የማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። በ1899 ስዊስ ውስጥ ባዝል አጠገብ ቅዱስ ክሪስኮና ላይ የታተመው ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው። በርእሱ ገጽ ላይ ያለው ስም ግን የኦኔስሞስ ብቻ ነው። የሁለቱን ሥራ መርምረው የጻፉ የታሪክ ሰዎች የአስቴር ስም እንደ ተርጓሚ አብሮ መቆም እንደነበረበት ይከራከራሉ፤ ክርክራቸው ትክክል ነው። አስቴር በ1904 ከኦኔስሞስና ከሌሎች ጋር ወለጋ ገብተው በነቀምት አስተማሩ፤ ዕድሜ ጠግበው እስከ 1960ዎቹ ኖሩ። ኦኔስሞስ ያረፉት በ1931 ነው።

ምንኩሉ ከተማሩት አንዱ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ናቸው። በ1861 በበጌምድር፣ ይፋግ ተወለዱ። ከ1905 እስከ 1908 በርሊን በሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛና ግዕዝ አስተማሩ፤ በጀርመን የኢትዮጵያ ጥናት ትልቅ ስም ያገኘው ኦይገን ሚትቮኽ ተማሪያቸውና የሥራ ጓደኛቸው ነበር። ወደ አገር ሲመለሱ በፕሮቴስታንት እምነታቸው ተከስሰው ታሰሩ። «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ታትሞ በኋላ ደጋግሞ ስለወጣ፣ ከሌሎቹ ይልቅ የእሳቸው ስም በአንባቢ ዘንድ ኖሯል። የራስን መጽሐፍ በራስ ስም ማሳተም ለመታወስ ምን ያህል እንደሚረዳ በዚህ ይታያል።

በዚሁ ዘመን ሮም ውስጥ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የተባሉ የሸዋ ሊቅ ይኖሩ ነበር። ጣሊያናዊው ኢኛሲዮ ጉይዲ በ1901 ያሳተመው የአማርኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ዛሬም ድረስ ተመራማሪዎች የሚከፍቱት ሥራ ነው፤ ጉይዲ በዚያ ውስጥ የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስን እርዳታ አልሸሸገም። መምህሩ ግን የራሳቸው አሳብም ነበራቸው። ግዕዝ የሚፈታበትን መዝገበ ቃላት ኢትዮጵያዊ ሊቅ፣ በኢትዮጵያ የቅኔና የትርጓሜ ቤት ዕውቀት፣ በአማርኛ ሊጽፈው ይገባል ብለው ጀመሩት። ከሉዶልፍ በኋላ በ1865 ጀርመናዊው አውግስጦስ ዲልማን ታላቅ የግዕዝና የላቲን መዝገበ ቃላት አሳትሞ ነበር፤ ነገር ግን ላቲን የማያውቅ የአገር ቤት ተማሪ በዚያ ሊጠቀም አይችልም።

መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ኢየሩሳሌም ሲኖሩ ኪዳነ ወልድ የተባሉ የሸዋ ወጣት ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብለው ተማሩ። መምህሩ ከማለፋቸው በፊት የጀመሩትን መዝገበ ቃላት ለዚህ ደቀ መዝሙር በአደራ ሰጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕብራይስጥ፣ ሱርስትና ዐረብኛ አጥንተው፣ የግዕዝን ግስ ከእኒህ እኅትማማች ቋንቋዎች ጋር እያስተያዩ ሥራውን አሰፉት። ረጅም ዘመን በኢየሩሳሌም ከቆዩ በኋላ ራስ ተፈሪ ለመጻሕፍት እርማት ጠርተዋቸው ወደ አገር ገቡ፤ የሕዝቅኤልንም ትርጓሜ አዘጋጅተው አሳተሙ። ኋለኛውን ዕድሜያቸውን በአብዛኛው ድሬዳዋ አሳለፉ።

የአለቃ ኪዳነ ወልድ መዝገበ ቃላት የደራሲውን ጠባይ በየገጹ ያሳያል። ቃላቱን በተለመደው በ«ሀ ለ ሐ መ» ሳይሆን በ«አ በ ገ ደ» ተራ ደረደሩ፤ የጥንቱ የሴም ቋንቋዎች ተራ ይህ ነውና ወደዚያ መመለስ ይገባል ብለው ያምኑ ነበር። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ እንዲሁም «ሰ» እና «ሠ» ያለ ቦታቸው ሲገቡ አይታገሡም። ለዚህ ጥብቅነታቸው ብዙ የዘመናቸውን ጸሐፊዎች ነቅፈዋል፤ በነቀፋው ሁሉ ባይስማሙም እንኳ፣ የፊደልን ነገር እንዲህ ከልብ የያዘ ሰው በመገኘቱ የአማርኛ ጽሑፍ ተጠቅሟል። መጽሐፉ ሳይታተም አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1936 ዓ.ም. አረፉ። ሥራውን ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ እንደገና በአደራ ትተውት ነበር።

አለቃ ደስታ የመምህራቸውን ጽሑፍ አስተካክለውና አሟልተው፣ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በሚል ርእስ በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አሳተሙት። አንድ ሊቅ የጀመረው፣ ሌላው ያሰፋው፣ ሦስተኛው ለብርሃን ያበቃው ይህ መጽሐፍ ወደ 900 ገጽ ይደርሳል። በርእሱ ገጽ ላይ ያለው ስም የኪዳነ ወልድ ክፍሌ ነው፤ የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስም ድርሻ በመጽሐፉ ውስጥ ተነግሯል። ሥራውን ከጥፋት ያተረፉት አለቃ ደስታ ለራሳቸው የያዙት የአሳታሚነትን ቦታ ነው። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም.፣ አለቃ ደስታ የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» አወጡ፤ ከ1,200 ገጽ በላይ የሆነው ይህ መጽሐፍም ቃላቱን የደረደረው በመምህራቸው በ«አ በ ገ ደ» ተራ ነው።